የጠበበው ቀሚስ

የልጅ ልጄ የካንሰር ሕክምናዋን ስትጨርስ ሐኪሟ እድገቷን እንድንከታተል አደራ ብላን ነበር። የልጅቱ ሰውነት ግን ባለበት ቆመ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ሜትር ባነሣሁ ቁጥር የእናቷ ፊት ሲጠቁር እያየሁ መለካቱን ተውሁት። የትምህርት ቤት ቀሚሷንም በቀድሞው ልክ ቆርጬ ሰፋሁላት።

ዛሬ ጠዋት ለብሳው ከመስተዋቱ ፊት ቆመች።

«አያቴ፣ ጠበበኝ! ቁልፉ አልደርስ አለ።»

«እኔ የሰፋሁት? ሆድሽን ሳብ አድርጊ!»

«ስቤ ነው እኮ! ሌላ ልብስ ሰፊ እንፈልግ ይሆን? ወይስ ቁርሴን ልተው?»

«እንዳትሞክሪው!» አልናት እናቷና እኔ በአንድ አፍ።

ወዲያው ተያየን። ሜትሩን አንሥቼ ትከሻዋን፣ ደረቷንና ቁመቷን ለካሁ፤ ሁሉም ጨምሯል። እናቷ አላመነችኝም፤ ሜትሩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ደገመችው፤ ከዚያም ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባለቀ።

«አባዬ፣ ዛሬስ ተያዙ! ጨርቅ አበላሽቼ አላውቅም ሲሉ አልነበር?»

«አበላሸሁ» አልኋት ኮራ ብዬ፤ አዲስ ጨርቅም ዘረጋሁ።

«የአሁኑን ሰፋ ያድርጉት» አለችኝ፤ «ገና ታድጋለች።»