ሽሽ የሚለው ኢርፎን

«ኢርፎን ሻጭ» ካላችሁት ወንድሜ ይቀየማል። «እኔ አጋቢ ነኝ» ነው የሚለው። ማጫወቻችሁን ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጡለት ይሰካል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንድ ዘፈን እስከ ግማሹ ያዳምጣል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ድምፁ የሳሳ ማጫወቻ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ኢርፎን ይፈልጋል። ትልቁና ከባዱ ማዳመጫ ያለ ድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር አይንቀሳቀስም። ቅንጣት ድምፅ የማያመልጠውን ስሱን ኢርፎን ደግሞ ከኃይለኛ አምፕሊፋየር ጋር ካጋባችሁት ዘፈኑ ሲያርፍ እንኳ ሽሽ ይልባችኋል። ሰፈርተኛው «ሚዛን» የሚል ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። እኔ ታናሽ እኅቱ ስለሆንኩ ጋሼ ነው የምለው፣ ስናደድበትም ጭምር። የምናደድበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ነው።

ዘንድሮ የተናደድኩበት በሚጡ ነው። ሚጡ አንድ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሦስታችን ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች እንኖር ነበር። ድምፅዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀጭን ነው፤ ስትቆጣ እንኳ የምትለማመጥ ነው የሚመስለው።

ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጋሼ ነገር አመጣ። «ስጠራት አቤት አትልም። ናቀችኝ» አለ። አባት ልጁን ጠርቶ ዝም ሲባል እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ግን ሚጡ አቤት ትላለች። ማድ ቤት ቆሜ በጆሮዬ እሰማታለሁ። ይህን ስነግረው «አንቺ ደግሞ ለእሷ መሸፈን ልማድሽ ነው» ብሎ አፌን ያስይዘኛል። እሷም መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ማለች፣ በኋላ ሰለቻት። አንድ ቀን ደንበኞች ፊት «ባለጌ!» ብሎ ሲጮህባት ልብሷን ሰብስባ ሌላ ከተማ ወደምትኖረው አክስቷ ሄደች። ለእኔ ስትደውል ስለ እሱ አንድም ቀን አትጠይቅም። እሱም «ጥፋተኛዋ ትደውል» ብሎ እልህ ውስጥ ገባ፤ ምሳውን ግን ግማሹን እየተወ ይነሳ ነበር። ሁለት ግትር መሀል መኖር ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መጣ። ስፌት ላይ ሲውል የሚያዳምጠው ዘፈን ሳይሆን የተቀዳ ትረካ ነው። ጋሼ ስሱን ኢርፎን ከኃይለኛው አምፕሊፋየር ጋር አጋብቶ ሰጥቶት ኖሯል።

«ሚዛን፣ ተራኪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ሽሽ ይልብኛል እኮ» አለው።

ጋሼ ሰካ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ምንም የለውም።»

«ኧረ ይላል!»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ያንተ ሥራ መርፌ ነው፣ የእኔ ጆሮ። ምንም የለውም አልኩህ።»

ልብስ ሰፊው ኢርፎኑን ወደ እኔ ገፋው። «እስቲ አንቺ ስሚልኝ፣ እኅቴ።»

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሊፈላ እንደቀረበ ማንቆርቆሪያ ይላል።

«ጋሼ፣ ይላል» አልኩት።

ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። አንዱን ጆሮ ለራሱ አደረገ፣ አንዱን ለእኔ ተወልኝ፣ ማጫወቻውን አቆመና አምፕሊፋየሩን ከፍ አደረገ።

«አሁንስ?»

«ይላል።»

አሁንም ከፍ አደረገው። «አሁንስ?»

«ጆሮዬን ሊበሳው ነው ጋሼ፣ ተው በቃ!»

እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ክው ብሎ ቀረ። ልብስ ሰፊው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ቀስ ብሎ ወጣ። ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያወራውን ሰው አሳምሮ ይሰማል፤ ማናችንም ያልጠረጠርነው ለዚህ ነው። ያጣው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሥራው የተጨነቀ መስሎኝ «አይዞህ፣ እኔ እየሰማሁልህ እንሠራለን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«አቤት ትለኝ ነበር?»

ምን ብዬ ልዋሸው? «ሁልጊዜ» አልኩት።

ጋሼ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። የሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው ያለፈው። ያን ዕለት ግን ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ስንት ወር ስናደድበት ኖሬ በአንድ ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ።

ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ተነሳ። ድምፁ ይወጋል እየተባለ ሳይሸጥ የቀረውን ኢርፎን ከመደርደሪያው ጥግ አወረደ። ስልኩን በአጭር ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ። ለቀጭን ድምፅ የሚሆነው ያ ኢርፎን ነው። ጆሮው ቢከዳውም እውቀቱ አልከዳውም። አንዱን እሱ አደረገ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝና ደወለ።

ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«ሚጡ» አለ ጋሼ።

«ሚጡዬ፣ አባትሽ ነኝ። ጆሮዬ ነው የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ጆሮዬ ነው። ሚጡ!»

ዝም።

ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበር። ጆሮህ ደንቁሯል በሉኝ ብሎ የሚለምን ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«አቤት ብላለች አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት፣ አይደል?»

የሚሰማኝ ትንፋሽዋ ብቻ ነበር።

«አላለችም ጋሼ» አልኩት። «ግን አልዘጋችውም።»

አምፕሊፋየሩን ትንሽ ከፍ አደረገና እንደገና ጠራት።