የእትዬ ካውያ ቅርጫት

የጠላት ጦር ከተማውን ከያዘ ወዲህ የወንዝ ዳሩ ላውንደሪ የሚያጥበው የወታደሮቹን ልብስ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ምን ያድርጉ? ልጅ ይርበዋል። እየተራገሙ ያጥባሉ፣ እየተራገሙ ይተኩሳሉ።

የማይራገሙት አለቃቸው ብቻ ነበሩ። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ «ካውያ»። የመኮንኖቹን ነጭ ሸሚዝ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። በየቀኑ ተኩሰው፣ ቅርጫት ውስጥ ደርድረው፣ አናታቸው ላይ ተሸክመው ድልድዩን እየተሻገሩ ጦር ሰፈሩ ያደርሳሉ። ስንት ዘመን ሲሠሩ አንዲት ሸሚዝ መሬት ነክታባቸው አታውቅም። ለጠላት ሸሚዝ እንዲህ መንሰፍሰፍ ምን ይሉታል? መንገድ ላይ ሴቶች ሲያዩዋቸው ይተፋሉ። እሳቸው ዞር ብለውም አያዩ።

ደግሞ ከምሳቸው ሁልጊዜ እንጀራ ቆርሰው ማገዶው ክምር አጠገብ ያስቀምጣሉ። «ለድመቷ ነው» ይላሉ። ላውንደሪው ውስጥ ድመት የሚባል ነገር የለም። ሴትየዋ ጃጅተዋል እየተባለ ይሳቃል።

ያልሳቀችው ሙሽሪት ብቻ ነበረች። ሙሽሪት የተባለችው ጦሩ በገባ ሰሞን ስላገባች ነው። ባሏ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ሐዲድ ፈታችሁ ተብለው ጓደኞቹ ሲረሸኑ እሱ አመለጠ። እሷም ከውሃ ማፍያው ጀርባ፣ ማገዶው ክምር ውስጥ ደበቀችው። አሁን ግን ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየፈተሹ ወደ ወንዙ እየቀረቡ ነው። ዛሬ ካልተሻገረ አለቀለት። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጦር ሰፈሩ፣ አንዱ ወደ ጫካው።

ሙሽሪትና ሁለት አጣቢዎች መከሩ። ሱሪ ከአንዱ ወታደር፣ ኮት ከሌላው፣ ቆብ ከሦስተኛው ለቃቅመው የወታደር ልብስ አሟሉ። ሙሽሪት ተኮሰችው። እንዴት ያለ አተኳኮስ! ፍቅሯንም ፍርሃቷንም እዚያ ካውያ ላይ ጣለችው፤ የሱሪው መስመር ሰው ይቆርጣል። እትዬ ቅርጫታቸውን ይዘው እስኪወጡ ጠብቀው ባሏን አለበሱት።

ይኼኔ በሩ ተከፈተና እትዬ ገቡ። ለካ የቅርጫቱን መሸፈኛ ረስተው ተመልሰዋል። ሙሽሪት ባሏ ፊት ተደነቀረች። እትዬ ሰውየውን ከቆቡ እስከ ጫማው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ማነው የተኮሰው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ባልሽን ልታስገድይው ነው?»

ባልሽን! ያውቁ ኖሯል። የድመቷ እንጀራ ምስጢር ለሙሽሪት ያኔ በራላት፤ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

እትዬ ለመደንገጫ ጊዜ አልሰጧትም። ተራ ወታደር እኩለ ቀን ላይ እንዲህ ተተኩሶ ማን አይቷል፣ የድልድዩ ጠባቂ መጀመሪያ ሱሪውን ያያል፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ ብለው ተቆጡ። ልብሱን አስወለቁት። ውሃ ረጩበት፣ ጠመዘዙት፣ አመድ ነሰነሱበት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ጥለው ተቀመጡበት። አንዲት የተጨማደደች ጨርቅ ካዩ ሰላም የማያገኙት ሴትዮ!

«ተከተለኝ» አሉት። «እንደ እነሱ ወታደር እየገፋኸኝ ሂድ። አፍህን እንዳትከፍት።»

ሰውየው እናቱ የሚሆኑ ሴት መግፋት ከበደው።

«እናትህ አይደለሁም፤ ግፋኝ።»

ሙሽሪት ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ላይ ወጥታ በአንሶላዎቹ መሀል አጮለቀች። ባሏ ይገፋል፣ እትዬ ይንገዳገዳሉ፣ ቅርጫቱ ግን ውልፍት አይልም። መንገድ ዳር የተቀመጠች አንዲት አትክልት ሻጭ ቀሚሳቸው ላይ ተፋች። ጠባቂዎቹ ይህን አይተው ሳቁ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን አንደኛው ባሏን አስቁሞ አንድ ነገር ጠየቀው። ባሏ የእነሱን ቋንቋ አይችልም! ሙሽሪት እንዳትጮህ የአንሶላውን ጫፍ ነከሰች።

ያኔ ቅርጫቱ ወደቀ። ወደቀ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ለቀቁት። በዚያ ሁሉ ዘመን መሬት ነክቶ የማያውቀው ነጭ ሸሚዝ በሙሉ፣ የመኮንኖቹ ሸሚዝ፣ ከጠባቂው ጫማ ሥር ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ጠባቂው ጥያቄውን ረስቶ እትዬ ላይ ጮኸ፤ በጥፊ አጮላቸው፤ ሲወድቁም በርግጫ ደገማቸው። የቀሩት ተሰብስበው ተንከተከቱ። ባሏ ሸሚዞቹን ተራምዶ ድልድዩን ተሻገረ። መንታ መንገዱ ላይ ደርሶ ወደ ጫካው ታጠፈ፤ ከዚያ አልታየም።

እትዬ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ሸሚዝ በሸሚዝ ለቀሙ።

ሲመለሱ ከንፈራቸው አብጧል፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ካውያ እያሉ ሲያሟቸው የኖሩት ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። ሙሽሪት እግራቸው ላይ ወደቀች። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቧ ቆሞ ሲተኩስ ኖሮ እሷ ምን ስታይ ነበር?

«ተነሺ። ውሃ ጣዱ፤ ሳይመሽ እንደገና ላደርስ ነው።»

አንዷ አጣቢ እንባዋን እየጠረገች፣ ለአትክልት ሻጯ እንኳ ልንገራት፣ ዳግመኛ እንዳትተፋብዎት፣ አለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ!» አሉ እትዬ። «እነሱ መትፋት ያቆሙ ቀን ጠባቂው እኔን መጠርጠር ይጀምራል። ነገ ደግሞ ሌላ ድመት ይመጣ ይሆናል።»

ሸሚዞቹ ታጥበው ሲደርቁ እትዬ ካውያውን አነሡት፤ የተረገጠ ጎናቸው ግን አላስጎነብስ አላቸው። ለሙሽሪት አቀበሏት። የመኮንን ሸሚዝ ለሌላ ሰው ሲሰጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ይኼን እንኳ አሳምረሽ ተኩሺው» አሏት።

አመሻሹ ላይ ቅርጫታቸውን ተሸክመው እያነከሱ ወጡ። ሙሽሪት ከሰገነቱ ታያለች። አትክልት ሻጯ ገና ከሩቅ ስታያቸው አፏን አዘጋጀች፤ ተፋች። ሙሽሪት ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። እትዬ ዞር ብለውም አላዩ፤ ጠባቂውም ሳይጠይቅ አሳለፋቸው።