ላይኛው ዝም ያለ ዕለት

ክሬን ነጂው ያን ጠዋት አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ሻዩን ቆሞ ጠጣ። የጫማውን ክር አሰረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። መስኮቱን ከፍቶ ሰማዩን አየ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው።

«ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለችው ባለቤቱ።

«ነፋስ እንዳለ እያየሁ ነው።»

«ነፋሱስ አንተው ነህ። ስትወጣ ስትገባ መጋረጃው ዕረፍት አጣ።»

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ግድግዳው ፊት ቆመ። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሚጸልየው እዚህች ቦታ ነው፤ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል፣ አንድ ሰው ብቻ የምትችል ጠባብ ቦታ። አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የቤቱ ድምፅ አልነበረም። ረጋ ያለ፣ ጎላ ያለ፣ ሰው እንዲሰማው የተበጀ ድምፅ ነበር። ደንግጦ አፉን ዘጋ።

እንዲህ ሲሆንበት የመጀመሪያው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ሰውየው ረጅም ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ክሬን ይነዳል። ጠዋት መሰላሉን ወጥቶ የመስታወት ካቢኑ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ይወርዳል። ታች ያሉት ሠራተኞች «ላይኛው» ይሉታል። «ላይኛው ዛሬ ፊቱ አልተፈታም» ይባባላሉ። ፊት ለፊት ሲያገኙት ግን «ጋሼ» ነው።

እጁን ማንሻው ላይ ከማሳረፉ በፊት ይጸልያል። ማንም አይሰማውም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ግን የሬዲዮው ቁልፍ እንደተጫነ ቀረና፣ ታች በየሰዉ ወገብ ላይ በተንጠለጠለው ሬዲዮ ሁሉ የሰውየው ጸሎት ወረደ።

«አምላኬ፣ ይኸው ወጣሁ። እጄን አደራ። ያን ገመዴ የሚሉትን ልጅ ጣቶቹን ጠብቅለት፤ መቸኮል ይወዳል። ምልክት የምትሰጠዋን ልጅ ዓይኗን ጠብቅላት፤ ጉንፋን ይዟታል፣ እሱንም እየው። ለፎርማኑ ልብ ስጠው፤ ካልሆነም ድምፁን ቀንስልን። እኔንም ከንዴቴ አድነኝ።»

ታች ሳቅ በሳቅ ሆነ። ፎርማኑ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገመዴ፣ ጭነቱን ከመንጠቆው ጋር የሚያስሩት ሰዎች አለቃ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ለሁሉም አሳየ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ሳቁ መልኩን ለወጠ። «ጋሼ፣ ዛሬ አልሰማንህም እኮ» አለችው ምልክት ሰጪዋ። እምነቷ ከእሱ የተለየ ነው፤ ቢሆንም ጠየቀች። «ጉንፋኑ ለቆኛል። አንተ ካነሳኸኝ ወዲህ ነው የለቀቀኝ።» እምቢ ማለት ከበደው። ቁልፉን ተጭኖ ጸለየ። በማግስቱም ደገመ። ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ፤ ላይኛው ሳይጸልይ አንዲት ብሎኬት ከመሬት አትነሳም ተባለ። ፎርማኑ ሄልሜቱን አውልቆ ይቆማል። ስሙ የተረሳ ሰው አኩርፎ ይውላል። አንድ አናጢ እንዲያውም «ሚስቴ ምጥ ይዟታል፤ ጋሼ ከእኛ በፊት እሷን ያስቀድማት» ብሎ ላከበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ላይኛውም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ሰው ነው። ቃል መምረጥ ጀመረ። መሰላሉን ሲወጣ ዛሬ ምን ልበል እያለ ይወጣል። የቱ ጋ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ታች ጸጥ እንደሚሉ አወቀ። ከዚያ አንድ ቀን ቤቱ ግድግዳው ፊት ቢቆም፣ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ጠፋበት። ከዚያ ወዲህ እግሩ ዕረፍት አጣ።

ያን ጠዋትም እንደ ልማዱ ወጣ፤ ቁልፉን ተጫነ፤ ጸለየ። አሳመረው። ታች «አሜን» ተባለ። የመጀመሪያው ጭነት የፌሮ ብረት እስር ነበር።

ጭነት ሲነሳ ሥርዓት አለው። ክሬኑ መጀመሪያ ከመሬት ስንዝር ያህል ያነሳውና ይቆማል። አሳሪው ዙሪያውን ይዞራል፤ ሰንሰለቱን ይነካል፣ ሚዛኑን ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ምልክት ሰጪዋ እጇን የምታነሳው። ላይኛው ስንዝሯን አንስቶ ቆመ። ገመዴ ግን አልዞረም። ጀርባውን ሰጥቶ ከአናጢው ጋር እየተሳሳቀ፣ እጁን ብቻ ወደ ላይ ወረወረ።

«ገመዴ፣ ዞረኸዋል?» አለ ላይኛው በሬዲዮ።

«አንተ እንዲህ አሳምረህ ጸልየህ ምን ልዙር ጋሼ? ውሰደው!»

ታች ተሳሳቁ። ምልክት ሰጪዋም እየሳቀች እጇን አነሳች። አልወስድም ማለት ይችል ነበር። ግን «አሳምረህ» የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ጣፍጣለት ነበርና ማንሻውን ሳበ።

ከመጀመሪያው ፎቅ ከፍ እንዳለ እስሩ በአንድ ጎን አዘቀዘቀ። አንድ ዘንግ ከመሃል ተንሸራትቶ ወጣና ወደቀ። ከብሎኬቱ ክምር አጠገብ አፈሩ ውስጥ ተሰክቶ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። እዚያ ማንም አልነበረም። ላይኛው የቀረውን በቀስታ ወደ መሬት መለሰ።

ሬዲዮው በጩኸት ተሞላ።

«ጸሎትህ አዳነን ጋሼ!» ገመዴ ነው። «እግዜር ይስጥህ! እዚያ ማንም አልነበረም እኮ!»

«እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ እንደ ችካል መሬት ላይ ተሰክቼ ነበር!» አናጢው ነው።

«ሰማችሁ!» አለ ፎርማኑ። «ከነገ ጀምሮ ከምሳ በኋላም ይጸለያል!»

ላይኛው የሚያየው ሰንሰለቱን ነበር። የታሰረው ከእስሩ መሃል ርቆ ወደ አንደኛው ጫፍ ተጠግቶ ነው። አንዴ የዞረው ሰው ሳያየው አይቀርም ነበር።

ማታ ራት ላይ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው።

«ዛሬ ሰው ልገድል ነበር» አላት ባለቤቱን፤ ሁሉንም ነገራት።

«ታዲያ ያጠፋው አሳሪው አይደለም?»

«እኔ ስለጸለይኩ ነው የተዘናጋው።»

«ጸሎት ሰው ያዘናጋል እንዴ?»

«የእኔው አዘናጋ።»

«እንግዲያ ተወዋ።»

«ብተወው እምነቱ ላላ ይሉኛል።»

«ላልቷል?»

ዓይኗን ሸሸ። ተነሳ፣ ውሃ ቀዳ፣ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

«አላውቅም» አለ። «የምናገረው ለእነሱ ነው። ለአምላኬ የተረፈኝ ቃል የለም።»

«እኔ የክሬን ነገር አይገባኝም» አለች ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች። «ግን ከዚያ ግድግዳ ፊት ስትመለስ አይሃለሁ። ድሮ እያንጎራጎርክ ነበር የምትወጣው። አሁን የተጣላ ሰው ነው የምትመስለው። ብላ አሁን።»

በማግስቱ ካቢኑ ውስጥ እንደገባ ቁልፉን ተጫነ። ታች ሁሉም ዝግጁ ነበር፤ ፎርማኑ ሄልሜቱን አውልቋል።

«ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሬዲዮ አልጸልይም። እሰሩ፣ ዙሩ፣ እናንሳ።»

ፎርማኑ ሄልሜቱን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«ይቀልዳል» አለ አንዱ።

«ተቀየምከን እንዴ ጋሼ?» አለች ምልክት ሰጪዋ።

«ከምሳ በኋላ የተባለው ነው የከበደው። ፎርማኑ ነው ያበላሸው!» አለ አናጢው።

ማንም ወደ መንጠቆው አልተጠጋም። ፎርማኑ ሄልሜቱን መልሶ አጥልቆ ጮኸ፤ ንቅንቅ ያለ አልነበረም። መንጠቆው ባዶውን ተወዛወዘ። ከዚያ ገመዴ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና መሰላሉን ያዘ።

ገመዴ ከፍታ ይፈራል። አብረውት የሚሠሩ ሁሉ ያውቃሉ፣ ይቀልዱበታልም። ካቢኑ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ታች ላለማየት ዓይኑን የክሬን ነጂው ጉልበት ላይ ተክሎ ቁጢጥ አለ።

«ምን በደልንህ ጋሼ?»

«ትናንት ለምን አልዞርክም?»

«ጸልየህ ነበራ።»

«ዘንጉ የወደቀበት ቦታ ምልክት ሰጪዋ ትንሽ ቀደም ብላ ቆማ ነበር። እኔ ከዚህ ሆኜ አይቻታለሁ።»

«ኋላ ግን አልነበረችማ! ማን አነሳት ከዚያ?»

«አላውቅም።»

«አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?»

«አላውቅም እልሃለሁ፣ ገመዴ! አንተ ግን አውቃለሁ ብለህ ጀርባህን ሰጠህ።»

ነፋሱ ካቢኑን ነቅነቅ አደረገው። ገመዴ የበሩን ብረት ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። አስታመምኩ፣ ለመንኩ፣ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል፤ ከማን ጋር እንደሆነ ይገባሃል። ያንተን ጸሎት ስሰማ ግን፣ ስትጠራኝ፣ እሱ ዘንድ ገና አልተፋቅሁም ማለት ነው እላለሁ። አንተ ከተውከው እኔ በማን በኩል ልግባ?»

ላይኛው ይህን አልጠበቀም። ጠዋት መሰላሉን ሲወጣ ያዘጋጀው ተግሣጽ ነበር፤ እሱን ዋጠው። ጉልበቱን አሸ። ማንሻውን ነካ፣ ተወው።

«በእኔ በኩል በሩ ከተዘጋ ሰነበተ» አለ በመጨረሻ። «መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ። እናንተ የምትሰሙት ንግግር ነው። ሰርግ ላይ ተነስተው እንደሚያደርጉት።»

ገመዴ ቀና ብሎ አየው። ፍርሃቱ ለአፍታ ጠፍቶለት ነበር።

«ስታታልለን ነበር?»

«ያልኩትን ሁሉ ከልቤ እፈልገው ነበር። ለማን እንደምለው ነው የጠፋኝ።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ነው የጠበቀን?»

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ።»

«ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አለ ገመዴ። ተነሳና እግሩን ወደ መሰላሉ ሰደደ። ከዚያ ቆመ። «በልብህስ? ሬዲዮውን ዘግተህም ቢሆን፣ ታነሳኛለህ?»

እሺ ለማለት ቀላል ነበር። ላይኛው ግን ቀላሉን ሲል የከረመ ሰው ነውና ተጠንቅቆ መለሰ።

«እሞክራለሁ። ከወጣልኝ።»

«ይህም መልስ ሆኖ!» ገመዴ እያጉረመረመ ወረደ።

ለሰዎቹ ምን እንዳላቸው ከላይ አይሰማም። አናጢው እጁን ሲያወናጭፍ፣ ፎርማኑ ሲራገም፣ ምልክት ሰጪዋ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ ስታየው ብቻ ታየው። ቆይተው ማሰር ጀመሩ።

ላይኛው ስንዝሯን አነሳና ቆመ። ገመዴ ዞረ። በንዴት ነው የዞረው፤ ሰንሰለቱን በጫማው ጠለዘው፣ በእጁ ሳበው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ጉድለት አላገኘም። ምልክት ሰጪዋ እጇን አነሳች።

ላይኛው ማንሻውን አልሳበም። ጭነቱ በሰው አናት ላይ ሊያልፍ ነው፤ ሰንሰለቱ ደህና ነው፣ ነፋሱ ደህና ነው፣ ልቡ ግን ደህና አልነበረም። ሊሞክር ነበር። «ገመዴን» ብሎ ጀመረ፤ ቃሉ ጸጥታው ውስጥ ቀልድ መሰለበት። ሰው ሁሉ የሚጠራበት፣ ሲጮህበት የኖረ የሥራ ቦታ ስም ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አምላክ ፊት ሲያቀርበው የከረመው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቆት አያውቅም።

ቁልፉን ተጫነ።

«ገመዴ። እናትህ ያወጣችልህ ስም ማን ነው?»

ገመዴ ቀና ብሎ ወደ ካቢኑ አየ። ሰዎቹ ተያዩ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ንገረኝ።»

ገመዴ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋና ነገረው። አብረውት የሠሩት እንኳ ያን ቀን ነው የሰሙት። ማንም አልሳቀም።

ላይኛው ቁልፉን ለቀቀ። ስሙን ጠራው፣ አንዴ ብቻ፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ያማረ ድምፅ አልነበረም። የሰማው ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እግሩ አሁንም ወለሉ ላይ አልረጋ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ተኛህ እንዴ? እጄ ደከመ እኮ!» አለች ምልክት ሰጪዋ።

ዓይኑን ሰንሰለቱ ላይ እንደተከለ ማንሻውን ሳበ።