የቀኙ በር

የቀኙ በር ሲከፈት የሚታዘዝ መስታወት፣ በሩ ሲዘጋ ምን ነክቶት ነው የሚሞተው? ሃዊ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስታሰላስል ቆይታ የአባቷን ኮሮላ የግራ በር ሽፋን ነቀለችና መሬት ላይ አጋደመችው። ከገላን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የመኪናዋ አራቱም መስታወቶች ወርደው ቀርተዋል።

"ዝናቡ ከሳዲቅ ቀድሞ ከደረሰ ወንበሮቹን ተሰናበቻቸው" አሉ አባቷ አቶ ጂራታ፣ መስታወቶቹን ሊሸፍኑበት ያመጡትን ፌስታል ይዘው ከበሩ አጠገብ ቆመው።

"ሳዲቅ ከመድረሱ በፊት ትድናለች።"

"ጠዋትም እንዲሁ ነበር ያልሽው።"

ሳዲቅ ሳሪስ አቦ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ አሮጌ መኪና ገዝቶ እየፈታታ ዕቃውን ይሸጣል። ኮሮላዋንም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊወስዳት ተነጋግረዋል። አቶ ጂራታ ወደው አይደለም። የሚተዳደሩት በስልክ በሚጠራ ታክሲ ነው፤ በክረምት መስታወቷ በማይዘጋ መኪና ማን ይሳፈራል? አንዱ ጋራዥ የግራውን በር ስዊች ቀየረላቸው፣ ሌላው ፊውዞቹን። ሁለቱም ሞክረው "በቃ፣ ዳነች" ብለው ሸኟቸው፤ ሁለቱም ሲሞክሩ ግን የቀኙ በር ክፍት ነበር። ብዙ ሰነበተ፣ መስታወቶቹ የሚሠሩት ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ሊወርድ በሩን ሲከፍት ብቻ ነው። አቶ ጂራታ "ሰው ሲወርድላት ደስ ይላታል" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን አንድ ተሳፋሪ ሊወርድ በሩን ሲከፍት መስታወቶቹን ሁሉ አወረዷቸው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ቢከፈትም ቢዘጋም አንነሣም አሉ። ቀልዱም ቀረ።

ሃዊ ቻይና፣ ሃርቢን ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሻንጣዋን እስከ ታች አላራገፈችውም። አብራት የተማረችው ሚራክል እዚያው ቀርታ ሥራ ይዛለች፤ ለሃዊም ብዙ ደክማ ከአንድ ፋብሪካ ጋር በስልክ ቃለ መጠይቅ አዘጋጅታላታለች። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ሃዊ አንድ ቀን መሄድ ይሻለኛል ትላለች፣ በማግሥቱ መቅረት።

"ሃርቢን የመኪና መስታወት አላስተማሯችሁም?"

"ሃርቢን መስታወት የሚያወርድ ሰው የለም፣ አባዬ። ብርዱ ይገድላል።"

የመኪናዋን የሽቦ አዘረጋግ ሥዕል ስልኳ ላይ ከፍታ እንደገና አየች። በሥዕሉ መሠረት ኤሌክትሪኩ ከፊውዙ ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ሹፌሩ በር መግባት አለበት። ቴስተሯን በግራው በር ሽቦ ላይ አሳረፈች፤ ምንም የለም። ፊውዙ ጋ አለ፣ እዚህ የለም። መሐል ላይ የት ገባ?

"ባትሪውን ልለካው። ኮፈኑን ክፈትልኝ።"

አቶ ጂራታ መኪናዋን በፊት በኩል ዞሩ፤ የቀኙን በር ከፍተው ጎንበስ አሉና ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ነገር ሳቡ። ኮፈኑ ቋ አለ።

ሃዊ ቀና አለች። "ለምን በዚያ በኩል?"

"ምኑ?"

"የኮፈን መክፈቻ የሚሆነው ሹፌሩ ጋ ነዋ።"

"ሹፌሩ ድሮ እዚህ ነበራ! ቀኝ መሪ ነበረች፤ ዱባይ ነው ያዞሯት። የዚህ ሰፈር ግማሹ መኪና እንደሱ ነው።"

"አባዬ! እና እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

"መስታወት አልሽኝ እንጂ መሪ መቼ አልሽኝ?"

ሃዊ ሳቋ አመለጣት። ቴስተሩን ይዛ በሩጫ ወደ ቀኝ ዞረች፤ አንድ እግሯ ካቻቢቴው ላይ አርፎ ልትወድቅ ነበር።

"መሪውን ያዞሩት ሰዎች ሽቦውን ሁሉ አያዞሩትም፣ ገባህ? ቀጥለው ወደ ግራ ወሰዱት እንጂ ኤሌክትሪኩ አሁንም መጀመሪያ እዚህ ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ቀኝ የተቀመጠ እየመሰለው! እኛ ደግሞ የግራውን በር ስንፈታ ከረምን።"

"እኔ እኮ ምንም አልገባኝም" አሉ አቶ ጂራታ፤ ግን ፌስታሉን ጥለው ጎኗ ተንበርክከዋል።

በሩና የመኪናዋ አካል በሚገናኙበት ላይ ሽቦዎቹን የሚሸፍን የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ አለ። ሃዊ ጠርዙን በጥፍሯ አላቀቀችው። አንድ ቀይ ሽቦ ልባሱ ተሰነጣጥቋል፤ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ ኖሯል። ለካ በሩ ሲከፈት ጫፎቹ ይነካኩ ነበር፤ ሲዘጋ ይለያያሉ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ጭራሽ ተለያዩ።

በዚህ መሐል ከግቢው በር ውጭ ክላክስ ተሰማ። የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ኮፈኑን መቱት።

"ደረሰ" አሉ አቶ ጂራታ።

"ተወው ይድረስ! የመኪናዋን ቁልፍ አዙርና በግራ በኩል ስዊቹን ወደ ላይ ያዝ። ቶሎ!"

ሳዲቅ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ሲገባ፣ ሃዊ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቿ አገናኘች። ከግራው በር ውስጥ እህህህ የሚል ድምፅ ወጣ፤ መስታወቱ ተንቀጥቅጦ ተነሣ፤ ወጣ፤ ወጣ፤ ገጠመ።

"አባዬ፣ የቀሩትንም!"

ተነሡ። አቶ ጂራታ መኪናው ውስጥ ሆነው እንደ ሕፃን በመዳፋቸው መሪውን ደበደቡት።

ሳዲቅ ዝናቡን ረስቶ ቆመ። "ጋሼ ጂራታ፣ ምንድነው ነገሩ? ሬሳ ልወስድ መጥቼ ተነሣብኝ እንዴ?"

"ተነሣብህ! ሂድ ሌላ ፈልግ!"

"ወላሂ እኔስ ደስ አለኝ። ግን ማን ነው ያስነሣት?"

"ልጄ ናት።"

ሳዲቅ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ሽቦ አየ። ቅንድቡ ተነሣ።

"እህቴ፣ እኔ ግቢ እንደዚህ መሪያቸው የዞረ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቹ በመስታወትና በመብራት ተሰላችተው ነው የጣሉልኝ። ቅዳሜ መፍታት ልጀምር ነበር። ነገ ጠዋት መጥተሽ ብታያቸውስ? የዳነውን አልፈታውም፤ አብረን እንሸጠዋለን።"

"ነገ ጠዋት ቻይናዎቹ ቀጥረዋታል" አሉ አቶ ጂራታ፤ ይህን ሲሉ ልጃቸውን አላዩም።

"ታዲያ የቱ ይሻላል?"

ሃዊ ወደ ሽቦው ተመለሰች። አንድ ሽቦ ነው ያገኘሁት፣ ብላ አሰበች። ነገ ደግሞ ላላገኝ እችላለሁ። ጣቶቿ ግን የሽቦውን ልባስ እየላጡ ነበር። ጫፎቹን ስባ አልቋጠረቻቸውም፤ በሩ ሲከፈት እንዳይወጠር መሐላቸው ረዘም ያለ ሽቦ ቀጠለች፣ በናስትሮ ጠቀለለችው፣ ጎማውን መለሰች። በሩንም ዘጋችው።

ሳዲቅ ሻይ ሊጠጣ ከአባቷ ጋር ወደ ቤት ገባ። ሃዊ ብቻዋን ሹፌሩ ቦታ ተቀመጠች። ዝናቡ አሁን ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር ይደበድበዋል፤ የመኪናዋ ውስጥ ግን ደረቅ ነው። የቀኙን በር አየችው፤ እንደተዘጋ ነው። ስዊቹን ስትጫን መስታወቱ ትንሽ ወረደ፤ ስትስበው ተነሣ። እንደገና አወረደችው፣ እንደገና አነሣችው። ስልኳን አወጣችና ድምፁን ቀዳች። ለሚራክል ላከችላት። ከሥሩ ጻፈች፦

"ነገ ቃለ መጠይቁ ላይ አልገባም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ካለ ንገሪው። ሥራ አለኝ።"

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልታጠፋት ጣቷን አሳረፈችባት። ሳታጠፋት ላከችው።

ሚራክል ወዲያው እንዳየችው የሚያሳየው ምልክት መጣ። ከዚያ እየጻፈች መሆኗ ታየ፤ ቆመ። ሃዊ መስታወቱን አንድ ጊዜ አውርዳ እስክታነሣው ጠበቀች። መልስ አልመጣም፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲህ።