የስለት ጃንጥላ

ጎረቤቷ ጀሚላ የቆርቆሮውን በር ስታንኳኳ ትርፊት ልጇን በክንዱ ይዛ ወደ ጓዳ እየገፋችው ነበር።

"እማዬ፣ ጀሚላ እኮ ናት" አለ ታዴዎስ።

"ማንም ትሁን። ግባና ሳልህን ዋጥ።"

መጋረጃውን ለቀቀችበት። ታዴዎስ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ማላዊ ላይ ታስሮ ከርሞ፣ ተጠርዞ፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሆሳዕና የገባው በዚህ ሳምንት ነው፤ ደግነቱ መሽቶ ነበር። በእጁ አንዲት ፌስታል፣ በፌስታሏ አንድ ሸሚዝ። የሌላው ልጅ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ለእናቱ ፎቅ ይሠራል፤ የእሷ አጥንቱን ይዞ መጣ። እሷ ደግሞ ገበያ መሃል በርበሬዋን ዘርግታ የማንን ልጅ ሳትቦጭቅ ቀረች? እዚያው ገበያ መደብ ያላት የሐዳሳ ልጅ ተባርሮ የመጣ ጊዜ፣ "የሄደው የአውሮፕላን ምግብ ሊቀምስ ነው" ብላ ገበያተኛውን አስቃለች። ሐዳሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትጎትት እያየች እንኳ ምላሷን አልሰበሰበችም። አሁን ያ ሳቅ ደጇ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ይመስላታል።

ጀሚላ የቡላ ገንፎ በሰሃን ከድና ገባች። ቅቤው በክዳኑ ጠርዝ ወጥቷል።

"ለማን ነው?" አለች ትርፊት፣ በርጩማ እንኳ ሳትስብላት።

"ለታዴዎስ ነዋ።"

"ታዴዎስ የት አለና? ጉንፋን የያዘኝ እኔ ነኝ።"

ጀሚላ ሰሃኑን አስቀመጠች። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

"እትዬ፣ ሌሊት ሳል ሰማሁ" አለች ዝግ ብላ። "የወንድ ሳል ነው። ሳዲቅ መስሎኝ ተነሳሁ። በር ከፈትኩለት።"

ሳዲቅና ታዴዎስ በአንድ ደላላ፣ በአንድ ቀን ነበር የወጡት፤ የጀሚላ ልጅ መንገድ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

"ለቅሶ የመጣሽልኝ ቀን" ቀጠለች ጀሚላ፣ "አጠገቤ ተቀምጠሽ ሚካኤልን ስትለምኚ ሰምቻለሁ። ባዶ እጁንም ቢሆን መልስልኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ አልሽ። እኔም በልቤ አሚን አልኩልሽ። የኔ አልፏል፣ የሷ ይምጣላት አልኩ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ሰው ስለቱን ይዞ ያልፋል፣ አንቺ በርሽን ዘግተሻል።"

ትርፊት ፊቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ጃንጥላው ከተገዛ ቆይቷል፤ አልጋ ስር ነው። ሲመሽ በቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ እጅ ልትልከው አስባ ነበር። የለመነችው አንድም ሳይጎድል ተሰጣት፤ እሷ ግን የተሰጣትን እንደ ሌባ ዕቃ ደበቀች፣ ያውም አሚን ካለችላት ሴት።

በርጩማውን ሳበች። "ተቀመጪ" አለች። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞራ፣ "አንተ፣ ና ውጣ። ገንፎው ይቀዘቅዛል።"

ጀሚላ ጉንጩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከስተሃል ብቻ አለችው፤ እስኪጨርስ ማንኪያውን በዓይኗ ትከተል ነበር። ትርፊት ወደዚያ ማየት አልቻለችም። አጎንብሳ ጃንጥላውን ከአልጋው ስር ጎተተች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

"እማዬ፣ በጓሮ በኩል እንውጣ?" አለ ታዴዎስ።

እሱንም ማፈር አስተምራዋለች። ጃንጥላውን አስያዘችው።

"በገበያው በኩል" አለች። "ሐዳሳ መደብ ጋ ስንደርስ ቁም። እዚያ የምናገረው አለኝ።"