አሜን ብቻ የሚያውቅ ሰው

መጀመሪያ ድምፅ ነው የተሰማው፤ ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው ከቺፕውድ ግድግዳ ማዶ፣ ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ ዝቅ ብሎ የሚንተከተክ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ አቁሞ ጆሮውን ቀሰረ። አዲስ ጎረቤቱ የሆኑት ጡረተኛዋ አዋላጅ እየጸለዩ ነው።

እሱ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጸሎት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ከእግዜር ጋር ምን ጠብ አለኝ?» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የምትጸልየው እሷ ነበረች፤ የሱ ድርሻ መጨረሻ ላይ «አሜን» ማለት ብቻ። አፉ ስፒል ነክሶ ስለሚውል ለወሬ ሰነፍ ነበርና፣ «እኔ ልብሱን እሰፋለሁ፣ አንተ ቁልፉን ትተክላለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር። ይኸው ልብሱን ይዛ ሄደች፤ እሱ ቁልፍ ጨብጦ ቀረ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከሰው መሐል ይቆማል፤ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ግን ቤቱ እንደ ጉድጓድ ይውጠዋል።

አዋላጇ ሲጨርሱ ልማድ ሆኖበት አፉ ቀደመው። «አሜን» አለ፣ ጮክ ብሎ። ልብስ ሰፊው እንደ ሌባ መብራቱን አጠፋ።

በማግስቱ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ፣ ቃላቸውን ዘርዘር አድርገው ጸለዩ። እሱም አሜን አለ። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ስለ ዝናቡና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ያወራሉ እንጂ ይህን ነገር አንዳቸውም አያነሱትም። አመሻሽ ላይ ግን የሰው ሱሪ በእጁ እንደያዘ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጋል። እሳቸው ስለ ታመሙ ሰዎች፣ ርቀው ስለሄዱት ልጆቻቸው፣ አላስቀምጥ ስላላቸው ጉልበታቸው ሳይቀር ለጌታ ይነግሩታል፤ ከገዛ ወንድማቸው ጋር የሚጫወቱ ነው የሚመስሉት። ከጌታ ጋር እንዲህም ይወራል እንዴ፣ እያለ ይገረማል።

አንድ ቀን «ጌታ ሆይ፣ ከግድግዳው ማዶ ስላለው ሰው» አሉና ዝም አሉ። ጠበቀ። ምንም የለም። አሟቸው ይሆን ብሎ ስፒሎቹን ከአፉ አወጣና ግድግዳውን አንኳኳ።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። የቀረውን አንተ በል።»

«እኔ እኮ አሜን ብቻ ነው የማውቀው።»

«እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ያንተን ጉዳይ ግን እኔ ከየት አውቄው?»

«ቃሉ አይመጣልኝም፣ እማማ።»

«ስንቷ አልችልም እያለችኝ ወልዳለች። በል ግፋ።»

ሳቁ መጣ። ከሳቁ ኋላ ግን ሌላ ነገር ተከትሎ መጣ።

«ጌታ ሆይ» አለና ተንተባተበ። «ጌታ ሆይ፣ ቤቱ ሰፋኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ራሱ መንገድ አገኘ። ባዶ ስለቀረው የአልጋው ጎን ነገረው። ለአንድ ሰው መጥኖ መሥራት አቅቶት ሁልጊዜ ስለሚደፋው ምግብ ነገረው። ጠብ የለኝም ማለቱ ውሸት እንደሆነ፣ ለምን ወሰድክብኝ ብሎ ሆዱ እንደቄመ፣ ይህን ለራሱም ደፍሮ እንዳልተናገረው ነገረው። የተቆጣው የለም። እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ከትከሻው ላይ እንደ እርጥብ ካፖርት ከብዶት የኖረው ነገር ሲቀል ታወቀው። ለካ ብቻውን የከረመው አጠገቡ ያለውን ጌታ ሳያናግር ኖሯል።

ከማዶ የአዋላጇ በር ሲከፈት ሰማ። እርምጃቸው ቀስ እያለ ደረጃውን ወረደ። ከጌታ ጋር ብቻውን እንዲያወራ ሊተዉት መሆኑ ገባው፤ እሱም አልጠራቸውም፤ ገና አልጨረሰም ነበር።