ከግድቡ ሥር የደፈረሰ ውሃ

ሀብተ ማርያም ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ሸለቆ ግድቡን ያሠራው ሰው እንዲዝናናበት ነበር። ትንሿን ወንዝ በአፈር ገድቦ፣ በተኛው ውሃ ላይ ሁለት ጀልባ አንሳፈፈ፤ ዳር ዳሩን የሣር ጎጆዎች ሠራ። በሚሌኒየሙ ሰሞን በአካባቢው እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረምና ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ይጎርፉ ጀመር።

አንድ እሑድ ከልጆቹ ጋር የመጣ ፍቃዱ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ግድቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ጠባብ እንደሆነ፣ ለጥላ የተተከሉት ባሕር ዛፎችም ሥሮቻቸው አፈሩን እንደሚሰረስሩት ለሀብተ ማርያም ነገረው። ውሃውን ከሥር የሚያስለቅቅ ቧንቧ እንዳለም ጠየቀ። አልነበረም። ሀብተ ማርያም አልተከራከረም። በጋ ሲገባ ሁሉንም አስተካክላለሁ አለ፤ ከልቡም ነበር። በጋው በሠርግ አለቀ።

በነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሀብተ ማርያም ከግድቡ ግርጌ፣ በታችኛው በኩል፣ ውሃ ሲንፎለፎል አየ። ወዲያው ለፍቃዱ ደወለ።

«የሚወጣው ውሃ ኩል ያለ ነው ወይስ የደፈረሰ?» አለ ፍቃዱ።

«ደፍርሷል።»

«እንግዲያው የግድቡ አፈር ከውስጥ እየታጠበ ነው። ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ ግድቡን ይተዉት። ከታች ያሉትን ሰዎች ያውጡ።»

ከታች አንድ ቤት ነበር። እትዬ አልጋነሽ ከባላቸው ከጋሽ ገብረ ሥላሴ ጋር ይኖሩበታል፤ ሽማግሌው ግማሽ ጎናቸው ከሰነፈ ጀምሮ ከአልጋ አይወርዱም። ሀብተ ማርያም ሠራተኞቹን አስከትሎ ጭቃው እያዳለጠው ወረደ። አልጋነሽ ነገሩ ሲገባቸው የባላቸውን እግር በጋቢ መጠቅለል ጀመሩ። ሽማግሌውን በቃሬዛ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ አወጧቸው። አልጋነሽ የታሰረች ላማቸውን ለመፍታት ሊመለሱ ሲሉ ሀብተ ማርያም ክንዳቸውን ይዞ አስቀራቸው።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ከሠራተኞቹ አንዱ አካፋ ይዞ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግበት የሚነግረው አጥቶ ቆመ። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ እየሰፋ ሄዶ በር አከለ። የግድቡ አናት ከነባሕር ዛፎቹ ሰመጠ፤ ውሃው ሁሉ ወጣ። በጓሮው ያለውን እንሰት ከሥሩ ነቀለ፣ ቤቱን ገፍቶ አፈረሰው። ላሟ አንዴ ጮኸች፤ ሁለተኛ አልተሰማችም።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያጓራው?» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ። በጀርባቸው ተኝተው ስለነበር ሰማዩን እንጂ ሌላ አያዩም።

«ዝናብ ነው» አሉ አልጋነሽ።

ሀብተ ማርያም ቤቱ ወሰዳቸው፤ ሚስቱ ሰብሌም መኝታዋን ለቀቀችላቸው። ቤት ሊሠራላቸው ማለ፤ ሠራም። እንሰት ግን ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፣ ማሳውም ድንጋይና አሸዋ ሆኗል። ጋሽ ገብረ ሥላሴ አዲሱን ቤት ሳያዩ በሰው ቤት አረፉ።

ፍቃዱ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ስለ ቦዩና ስለ ዛፎቹ ለአልጋነሽ ነግሯቸው ኖሯል። እሳቸው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ለቀስተኛው ሲበተን ግን ሀብተ ማርያምን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ያ ሰው ሲነግርህ ለእኛም ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉት።

ሀብተ ማርያም አንገቱን ደፋ።